የካፒቴኑ ባዶ ጀሪካን

ከአንድ ሰው አፍ አንዲት ቃል ለመስማት ሃያ ምናምን ዓመት ጠብቄያለሁ። ቃሏ «ልክ ነበርክ» የምትል ናት። ሰውየው ነገሌ ውስጥ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ወይም ነበር። «ነው» ልበል ወይስ «ነበር» እስካሁን አልወሰንኩም፤ ስጨርስ እናያለን።

ጉዳዩ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። የመሬት ጠብ አይደለም፣ የውርስ አይደለም፣ የሴት እንኳ አይደለም። በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ፈረንጅ ጓደኛውን ውሃ የሌለበት ቀይ ዓለም ላይ ትቶ በጠፈር መንኮራኩር ይሄዳል። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ይኸው ነው። እኩዮቼ ቤት ሲሠሩና ከብት ሲያረቡ እኔን የበላኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ ጠፈር የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ብቻ ሲሆን፣ የእሱንም የመጨረሻ ገጾች አይጥ በልቷቸዋል። ቢሆንም ከተማው ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልተገኘምና ራሴን ሊቅ አድርጌ ሾሜ ነበር። የሾመኝ ሌላ ሰው እንደሌለ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ቪዲዮ ቤት እንሄዳለን። ቪዲዮ ቤት ማለት አንዲት የጭቃ ክፍል፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ናት። ውጭ ጄኔሬተር ያጓራል። መስኮቱን የጋረደው ብርድ ልብስ ከጓደኛዬ ሱቅ የመጣ ስለነበረ ቀዳዳ አያጣም፤ በቀዳዳው የሚገባው ፀሐይ ሁሌም የዋናው ተዋናይ ግንባር ላይ ያርፋል።

ያን ፊልም ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ያመጣለት ከሞያሌ የሚመላለስ ሾፌር ነው። የካሴቱ ሽፋን ተገንጥሏል፣ የፊልሙም መግቢያ የለም፤ ስሙን ያወቀ ሰው ስላልነበረ እኛው «ካፒቴኑ» አልነው። ሁለት ሰዎች ቀዩ ዓለም ላይ ወድቀዋል። ያላቸው አንድ ሙሉና አንድ ባዶ የውሃ ዕቃ ነው። መንኮራኩሩም አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ሆኗል። ካፒቴኑ ሙሉውን ዕቃ ያነሣና ገብቶ በሩን ይዘጋል። መንኮራኩሩ ይነሣል። የቀረው ሰውዬ ቀና ብሎ ያያል...

«ክርርርር» አለ ዴኩ።

ስክሪኑ አመድ ለበሰ። ባለቤቱ ሮጦ ክዳኑን ሲከፍት የካሴቱ ክር እንደታረደ በግ አንጀት ተዘረገፈ። የተጨማደደውን በምላጭ ቆረጠና ጣለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለነገሌ ሕዝብ ፊልሙ የሚያበቃው እዚያው ላይ ነው፤ ሰውየው ቀና ብሎ እንዳየ።

ከክፍሉ ስንወጣ ጓደኛዬ ገና ዓይኑን ከፀሐዩ ጋር ሳያለማምድ «ከዳው!» አለ።

«ይመለሳል!» አልኩ እኔ።

«ውሃውን ይዞ?»

«ካልጠጣ እንዴት ሄዶ እርዳታ ያመጣል? ደግሞ የመንኮራኩሩ ጩኸት ትክክል አይደለም። በጠፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ድምፅ አይተላለፍም።»

«መምህር፣ አንተን በጠፈር ቢያስቀምጡህ ይተላለፋል።»

አግዳሚውን ሞልቶ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከሊበን ከብት ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። እግራቸውን ሊያሳርፉ ገብተው ነው ፊልሙን ያዩት፤ የፈረንጁን ቋንቋ ከእኛ ያነሰ አይሰሙም፣ እኛም ምንም አንሰማም ነበርና። በኦሮምኛ ጠየቁኝ፦

«ሰውየው ኦኮሌውን ትቶ ነው የሄደው ወይስ ይዞ?»

ኦኮሌ ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳበት የቆዳ ዕቃ ነው። በእሳቸው አገር ወንዶች ጉድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ያቀብሉታል። ተራው ገና ያላበቃ ሰው ሲሄድ ኦኮሌውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ማንም አይነካበትም። ነገሩን የተወ ሰው ግን ኦኮሌውን ይዞ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገሩኝና መልሴን ጠበቁ።

አላየሁማ! ማንም አላየም። ሁላችንም የካፒቴኑን ፊትና ሙሉውን ዕቃ ስናይ ባዶው የት እንደቀረ ያየ አልነበረም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሕዝቡ፣ ሽማግሌውም ጭምር፣ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ተመልሶ ገባ። በሩ ሊዘጋ ሲል ሁሉም አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ። አዎ! ከመንኮራኩሩ ደረጃ አጠገብ፣ አሸዋው ላይ፣ ባዶው ዕቃ ተቀምጧል።

«ትቶታል!» ብዬ ወንበር ላይ ቆምኩ። አስተማሪ ነኝ ያልኳችሁ እኔ።

«ባዶ ነው እኮ!» አለ ጓደኛዬ።

ሽማግሌው ዞር አሉና «አንተ ልጅ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ኦኮሌ ሞልቶ የሚያስቀምጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉት።

ቤቱ ፈረሰ። ሳቁ ጄኔሬተሩን ዋጠው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ ያሸነፉት ሽማግሌው መሆናቸውን ለጊዜው ረስቼው ነበር። ጓደኛዬ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ያ ኦኮሌ አይደለም፣ ጀሪካን ነው። ጀሪካን ሻጩ እኔ ነኝ። ሰው ባዶ ጀሪካን ጥሎ የሚሄደው ሲያፈስበት ነው።»

ሰኞ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ይመለሳል» ተብሎ ተጽፎ ጠበቀኝ። ስሜ ሆኖ ቀረ። እስከ ጡረታዬ ድረስ በኮሪደሩ ሳልፍ «ይመለሳል መጣ» ሲሉ እሰማ ነበር። ሰው በሊቅነቱ ስም ይወጣለታል፤ ለእኔ በካፒቴን ወጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ወረደ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ክርክሩ ተስሎ ተመለሰ። ድሮ በጩኸት ብቻ የሚከራከረው ሰውዬ አሁን ስለ ካፒቴኑ ዓይን፣ ስለ እጁ መንቀጥቀጥ፣ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ስለ መዘግየቱ ያነሣ ጀመር። «ያዘገየው ጸጸት ነው» ይለኛል፤ «የሚመለስ ሰው ምን ያጸጽተዋል?» እኔ ጅሉ «ሞያሌ አእምሮ ያሰፋል ማለት ነው» ብዬ ስደነቅለት ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ዲሽ መጣ፣ ሞባይል መጣ። ከተማው ካፒቴኑን ረሳ፣ እኛ ሁለታችን ግን አልረሳንም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቁ ገብቼ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ብርድ ልብስ ያጥፋል፤ «ታዲያ ያ ከሃዲህ ደህና ነው?» ብሎ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ስለ ነዳጁ፣ አንዳንድ ቀን የቀረው ሰውዬ ስንት ቀን በሕይወት እንደሚቆይ። የፊልሙን ስም ስለማላውቅ የትም ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም። «ቀይ አሸዋ፣ ሁለት ሰዎች፣ ባዶ ዕቃ» ብዬ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ጤንነቴን ነው የጠየቁኝ።

ከዚያ ልጄ ሄደ።

በሞያሌ በኩል፣ ብዙ የእኛ ልጆች እንደሚሄዱት፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ። ከጠረፉ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ድምፁ ጠፋ። ሱቁ መሄዴን አላቋረጥኩም፤ ክርክሩ ግን ቆመ። ጓደኛዬ ሻይ ያስመጣል፣ እንጠጣለን። አንድ ቀን፣ ራሴም ሳላስበው፣ «ተሸነፍኩልህ» አልኩት። «ካፒቴኑ አልተመለሰም።»

ብርድ ልብስ እያጠፈ ነበር። ቀና አላለም። «እንዲህ ማሰቡ ይሻላል» አለኝ።

ቤቴ ሄጄ የልጄን አልጋ ለጎረቤት ሰጠሁ። ባዶ አልጋ ባየሁ ቁጥር ልቤ «ይመለሳል» እያለ ያስቸግረኝ ነበርና። ከአራት ወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው፣ በሕይወት አለ፣ ሱቅ ተቀጥሯል። እስር ላይ ቆይቶ ኖሯል። ካለቀስን በኋላ ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ «አባዬ፣ አልጋዬ አለ?» የሚል ነበር።

«እንዳለ ነው» አልኩት። ፊዚክስ አስተማሪ እዋሻለሁ እንዴ!

ዓመታት አለፉና ጓደኛዬ ሐጅ ሊሄድ ተነሣ። እንደ ደንባቸው ከመሄዱ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ የበደለውን ሰው ሁሉ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። የእኔን በር ሲያንኳኳ ንጹሕ ነጭ ለብሶ ነበር። ቆሞ እጄን ያዘ።

«አፉ በለኝ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ለምታውቀውም ለማታውቀውም።»

ሳቄ መጣ። «ለካፒቴኑ ከሆነ በጭራሽ» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። እጄን እንደያዘ ነው። እኔም ደንገጥ ብዬ «በቃ፣ አፉ ብያለሁ፤ ለሁሉም አፉ ብያለሁ» አልኩት። ዓይኑ እንባ አዘለ። የእኔም። እንዴት ያለ ደግ ሰው ሆንኩ ብዬ ለአንድ ሳምንት በራሴ ስኮራ ሰነበትኩ።

አሁን ወደ መጣንበት እንሂድ። ባለፈው ዒድ ቤቱ ጠራኝ። እንግዶች ነበሩ፣ ወጣቶች የሚበዙበት። እኔም እንደ ልማዴ፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ የካፒቴኑን ታሪክ ጀመርኩ። ስለ ዴኩ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ኦኮሌው። ስጨርስም «እንግዲህ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም» አልኩ።

ሚስቱ ሳምቡሳ እያዞረች ነበር። እንደ ዋዛ፣ ሳህኑን ሳታስቀምጥ፣ «እንዴ መምህር» አለችኝ፤ «ተመልሶ ጓደኛውን አቅፎት አለቀሰ አይደል እንዴ? ሐጂ ራሱ ያኔ ሞያሌ ላይ አይቶት ሲመጣ ነገረኝ እኮ። የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ነበርኩ።»

የመጀመሪያ ልጇ እዚያው ተቀምጣ የራሷን ልጅ ታጠባ ነበር።

ጓደኛዬ የሻይ ብርጭቆውን ውስጥ ውስጡን ያያል። እኔ ሳምቡሳ በእጄ ይዤ ቀረሁ። ነከስኩት፣ በዒድ ቀን ሰው ቤት ሌላ ምን ይደረጋል? ትኩስ ስለነበረ ምላሴን አቃጠለኝ። እንባዬን ያዩ እንግዶች በሳምቡሳው አሳበቡልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ ሱቁ ገባሁ።

«አካም፣ መምህር» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ናጋ ብዬ አልመልስልህም። ተመልሷል?»

ብርድ ልብሱን አስቀመጠ። «ተመልሷል።»

«ስንት ጊዜ አየኸው?»

«ሁለቴ።»

«ሁለቴ!»

«የመጀመሪያውን ቀን ባላምን ነው።»

ልሄድ ዞርኩ። ግን፣ ውርደቴን ልንገራችሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። «ጀሪካኑስ?» አልኩት ጀርባዬን እንደሰጠሁት።

ድምፁ በራ። «ሲወርድ መጀመሪያ ያነሣው እሱን ነው! ሰውየውን እንኳ ሳያየው። ያንን ባዶ ዕቃ አንሥቶ ከመንኮራኩሩ ውሃ ሞላበት፣ ከዚያ ይዞት ሮጠ።»

ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። ይህን ሳይሰሙ ነው የሞቱት። እኔ ብቀር እንኳ ለእሳቸው ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

«ከሞያሌ ስመጣ ልነግርህ ነበር። ገና ከመኪናው ሳልወርድ 'ከሃዲው ደረሰ' ብለህ በሰው ፊት ተቀበልከኝ። እልህ ያዘኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም ሰደብከኝ። ወር ካለፈ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር?»

«ይሁን። ልጄ የጠፋ ጊዜስ?»

ያስቀመጠውን ብርድ ልብስ መልሶ ማጠፍ ጀመረ። ከደጅ አንድ ኢሱዙ ዕቃ ጭኖ ሲያልፍ ጀሪካኖቹ ተንቀጫቀጩ።

«ያ ፊልም ነው» አለ በመጨረሻ። «ልጅህ ፊልም አልነበረም። ካፒቴኑ ተመልሷል ብዬህ ልጁ ቢቀርስ? ያንን ተስፋ ማን ይሸከምልህ ነበር?»

«እኔ ነኛ! አልጋውን እኮ ሰጠሁት!»

«አልጋውን ስጥ አላልኩህም።»

«'እንዲህ ማሰቡ ይሻላል' አልከኝ! እያወቅህ! ሁለቴ አይተህ!»

 ለሃያ ዓመት ስለ ካፒቴኑ ልብ ስመራመር፣ ፊት ለፊቴ ብርድ ልብስ የሚያጥፈውን ሰውዬ ልብ አንድ ቀን እንኳ አልመረመርኩም። በፊልሙ ውስጥ ስንት ቀዳዳ አግኝቻለሁ! ድምፁ፣ ነዳጁ፣ የፀሐዩ አቅጣጫ። ከሞያሌ በመጣ በማግሥቱ በሱ ታሪክ ውስጥ የተከፈተውን የበር ያህል ቀዳዳ ግን ተቀምጬበት ሻይ ጠጣሁ።

ከዚያ ጓደኛዬ የመጨረሻውን አመጣ። «ደግሞ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «አፉ ብለኸኛል።»

«ምን?»

«ሐጅ ስሄድ። ለምታውቀውም ለማታውቀውም ብዬህ ለሁሉም አፉ ብያለሁ አልከኝ።»

መናደድ እንኳ ተከለከልኩ! ገና ሳላውቅ በፊት፣ በነጭ ልብስ መጥቶ፣ ቁጣዬን ከቤቴ ይዞት ሄዷል።

«አፉታዬን መልስ» አልኩት።

«አፉታ አይመለስም፣ መምህር።»

«ካፒቴን ከተመለሰ አፉታም ይመለሳል!»

ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ነከሰ፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። በዚህ መሐል ከሊበን የመጣች አንዲት ሴት ገብታ ጀሪካን እያገላበጠች ታያለች። ጓደኛዬ ወደ እሷ ዞሮ ጮክ ብሎ፣ «እህቴ፣ አንቺ ምስክር ሁኚ። ይሄ ሰው ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አላት።

«በምኑ?» አለች።

«በካፒቴኑ ነገር።»

«የትኛው ካፒቴን? ፖሊሱ?» ብላ ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አነሣች። «ይሄ አያፈስም?»

ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅኋት ቃል እንዲህ ሆና መጣች። ልሰማት የፈለግሁት በዚያ ቪዲዮ ቤት ፊት ነበር፤ ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል። የቀድሞ ባለቤቱ ወደ ያቤሎ ከተማ ሄዷል። በአግዳሚው ላይ የሳቁብኝ ሰዎች ግማሾቹ አፈር ለብሰዋል፣ ግማሾቹ ካፒቴን ሲባል ፖሊስ ነው የሚመጣላቸው። በዚያ ላይ፣ አስቡት፣ መጨረሻውን እኔ እስካሁን አላየሁትም። ልክ ለመሆኔ ያለኝ ብቸኛ ምስክር ሃያ ዓመት የዋሸኝ ሰው ነው። ሚስቱ መስክራለች እንዳልል የነገራት እሱ ነው።

«እዚህ ሱቅ ሁለተኛ አልረግጥም!» አልኩና ወጣሁ። በኩራት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። መስጊዱ ጋ ስደርስ ጉልበቴ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ከዘራዬን እዚያው ረስቻለሁ።

እንዴት ብዬ ልመለስ? ግድግዳ ግድግዳ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ጎረቤቶቼ እንደሚነግሩኝ ከዘራዬን በሱቁ በር ላይ፣ ከቢጫ ጀሪካኖቹ መሐል፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ምስማር ላይ ሰቅሎታል። «መምህር ምነው ጠፋ?» ያለውን ሁሉ በጣቱ ከዘራውን እያሳየ «ኦኮሌውን ትቷል፤ ይመለሳል» ይለዋል አሉኝ።

ከዕድሜው አንድ ቀን እንኳ በእኔ ወገን ቆሞ ያልተከራከረ ሰው!

እኔም «ከድቻለሁ በሉት» ብዬ ላክሁበት። «ባዶ ዕቃ ነው፣ ያፈስ ነበር፣ ስለዚህ ጣልኩት በሉት።» መልእክቱን የወሰደው ጎረቤቴ ግድግዳውን ተደግፌ መቆሜን አይቶ ፈገግ እያለ ሄደ።

ረስቼው ነው እንጂ ትቼው አይደለም። ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ማንም አያምነኝም።